አራት ጫማ ከሦስት ኢንች

ረቡዕ፣ መስከረም 28

ዛሬ አርባ ሁለት ብራኬት፣ የብረት ማያያዣ፣ መለስኩ። ቀዳዳቸው ከመስመር ወጥቷል። አለቃዬ በዓይን እኮ አይታይም አለኝ። በዓይን ቢታይማ እኔን ለፍተሻ ምን አስቀጠረኝ? የአውሮፕላን ዕቃ ነው... የቁም ሣጥን እጀታ አይደለም።

ምሳዬን እንደ ወትሮው መኪናዬ ውስጥ በላሁ። ግራንድ ፕሬሪ ፋብሪካው ሥራ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት፤ ምሳ ክፍል ገብቼ አላውቅም። ኩራተኛ ነው ይሉኛል አሉ። ይበሉ።

ከሥራ ስመለስ ማርያማዊት ቤት ናት። ልጄ ሳትደውል ከመጣች ችግር አለ ማለት ነው። ነበረም። ሚኒባሷን የሚነዳላት ጋሹ ሶፋ ሲያነሳ ወገቡ ተቀጭቷል። ጥቅምት ደግሞ የገበያዋ ወር ነው፤ ሃሎዊን፣ የፈረንጆቹ የሙት መንፈስ በዓል፣ ሲደርስ አገሩ በሙሉ ያብዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኧርቪንግ ሰው ጭና ወደ ሰሜን፣ ከዴንተን ወዲያ፣ “የቫምፓየር ታሪካዊ ቦታዎች” ታሳያለች። ቫምፓየር... ከመቃብር ተነስቶ የሰው ደም የሚመጥ ሙት። ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ ያስተማርኳት።

“አባ፣ አንተ የባስ ላይሰንስ አለህ። አራት ቅዳሜ ብቻ። ፕሊስ።”

የሙት ስም እያጠፉ መኖር ሥራ አይደለም አልኳት። ታሪክ ነው አለች። ታሪክ ማስረጃ አለው አልኩ። ዘነበወርቅ ከኩሽና፣ ፊቷን ሳታዞር፣ “ይነዳል” አለች።

እነዳለሁ ማለት ነው። በሃያ ስምንት ዓመት ትዳር ይህችን ተምሬያለሁ።

ዓርብ፣ መስከረም 30

ባሱን ፈተሽኩ። የኋላ ግራ ጎማ ነፋሱ አንሷል። አንድ የውስጥ መብራት ሞቷል። የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑ ውስጥ ያለው መድኃኒት ጊዜው ካለፈ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ጋሹ ደግ ሰው ነው፣ ሹፌር ግን አይደለም።

ከዚያ ማርያማዊት ለመንገደኞቹ የምታነበውን ጽሑፍ እንድታሳየኝ ጠየቅኳት። አሥራ አራት ገጽ። በቀይ እስክሪብቶ ሠላሳ አንድ ስሕተት አወጣሁ። ገጽ ሦስት ላይ ባቡር ሐዲዱ ሳይዘረጋ ይደርሳል። ገጽ ስድስት ላይ አንዲት ሴት በሁለት የተለያዩ ዓመታት ትሞታለች።

ገጽ አሥራ አንድ ላይ እስክሪብቶው ቆመ።

ሦስተኛው ማረፊያ፣ ዊሎ ጋፕ የምትባል መንደር መቃብር። ማትያስ ኮላር የሚባል፣ ከአውሮፓ፣ ከቦሂሚያ የመጣ ሰው። ዓይኑ ያረፈበት ልጅ ይታመማል ይሉት ነበር። ሲሞት ከመቃብሩ እንዳይወጣ የመንደሩ ሰው የብረት ፍርግርግ ደፋበት። ሥራው ምን ነበር? ብረት ቀጥቃጭ።

እዚህ የምጽፈው ለራሴ ነው። ስለዚህ ልጻፈው።

አያቴ ነጋ ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምሳር። እኔም ክረምት ክረምት ወናፍ እነፋላቸው ነበር። አገሬው ደግሞ ቀጥቃጭ ሁሉ ቡዳ ነው ይላል። በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሲጨልም ጅብ ሆኖ መቃብር ይቆፍራል። ማረሻው ሲዶለድም ሁሉም እኛ ቤት ይመጣል፤ እኛ ቤት ውኃ የሚጠጣ ግን አንድም የለም። አያቴ መጀመሪያ ያስተማሩኝ መዶሻ አያያዝ አይደለም። “ሰው ሲበላ አንገትህን ድፋ” ነው ያሉኝ። አምስት ዓመቴ ነበር።

አባቴ አገር ቀይሮ ጸሐፊ ሆነ። እኔ ኢንጂነር ሆንኩ። ዳላስ ውስጥ ይህን የምታውቅ ዘነበወርቅ ብቻ ናት። ሳንጋባ ነግሬያታለሁ። “ታዲያ ቢላዋ የሚስልልኝ አገኘሁ በለኛ” ነበር መልሷ። ማርያማዊት አታውቅም። ምን ብዬ እነግራታለሁ? ለምንስ?

አሁን ደግሞ ዮአብን ልታገባ ነው። ጥሩ ልጅ ነው፣ መኪና ወደ ኋላ ፓርክ ማድረግ ግን አይችልም። እናቱ ወይዘሮ ተዋበች ቴክሳስ ተቀምጠው ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሴት ናቸው። ኅዳር ላይ ሽማግሌ ይልካሉ። ከእኔ አፍ አንድ ቃል ብታመልጥ... ሠርግ የለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1

አሥራ ዘጠኝ ሰው። ሦስት ጥቁር ካባ፣ ሁለት የፕላስቲክ ክራንቻ። አንዱ ቫምፓየር ይሸሸዋል ብሎ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት አንገቱ ላይ አጥልቆ ገባ፤ ዴንተን እስክንደርስ ባሱ ወጥ ወጥ ሸተተ።

ልጄ ማይክ ይዛ ስትነሳ ግን... ትችልበታለች። ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ ሁሉም ወደ ፊት ይጠጋል። እኔ ራሴ አንድ መታጠፊያ አለፈኝ። አልነገርኳትም።

መጀመሪያ የተዘጋ የባቡር ጣቢያ፤ ቫምፓየሩ የተኛበት አፈር የሞላው ሣጥን የወረደበት ነው ተባለ። ቀጥሎ መስኮቶቹ በሚስማር የተመቱ ቤት። ሚስማሩ የፋብሪካ ነው፣ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። ዝም እንድል ታዝዣለሁ።

መንገድ ላይ ሳንድዊች ተከፈተ። የውስጡን መስታወት ወደ ጣሪያው አዞርኩት። ልማድ ነው። ከኋላዬ የተቀመጡ አሮጊት በእኔ አገር ቫምፓየር አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የለም አልኩ። ውሸት ነው? እንጃ።

ዊሎ ጋፕ ላይ ከባሱ አልወርድም ብዬ ነበር። ባለ ሽንኩርቱ ሰውዬ ግን ቀረ። ልፈልገው ገባሁ። ፍርግርጉ አጠገብ ቆሞ ራሱን በራሱ ፎቶ ያነሳል።

ፍርግርጉ ላይ የባለሙያ እጅ ነው ያየሁት። አሥራ ስድስት ዘንግ፣ እያንዳንዱ አራት ጊዜ የተጠመዘዘ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይዛነፍ። መጋጠሚያው ሁሉ በእሳት ተግሎ የተመታ። አያቴ ቢያዩት ቁጭ ብለው ይዳስሱት ነበር። የፈሩትን ሰው ሊቆልፉበት ነው ይህን ሁሉ የደከሙት?

ደግሞም አጭር ነው። ለምን አጠረ?

እሑድ፣ ጥቅምት 2

ወይዘሮ ተዋበች ምሳ ጠርተውን ኧርቪንግ ሄድን። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሰው ሞልቷል። ጨጓራቸው ስለሚያስቸግራቸው ወተት አይለያቸውም። ጽጌን አይጾሙም ወይ ብላ ዘነበወርቅ ብትጠይቃቸው፣ ዶክተሩ ገዝቶኛል አሉ። ወተቱ ሲመጣ ብርጭቆውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተጎነጩ። የማንም ዓይን እንዳያርፍበት። ለማንም እንዲያ ነው የሚያደርጉት፣ እኔን አስበው አይደለም። ግን እኔ ቀድሜያቸው ዞሬ ነበር። እሳቸው ወደ ግድግዳው፣ እኔ ወደ መስኮቱ... ዮአብ መሐል ቤት ተቀምጦ የሁለታችንን ጀርባ ያያል።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። አባቴ፣ ጸሐፊ። እናቴ፣ የቤት እመቤት።

“የአባትዎ አባትስ ምን ነበሩ?”

“ገበሬ” አልኩ።

ዘነበወርቅ ሹካዋን አስቀመጠች። ቀስ ብላ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ለምን አጠረ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ሜትሬን ይዤ ሄድኩ። ዛሬ አሥራ ሰባት ሰው፣ ሽንኩርት የለም፣ ተመስገን።

ማርያማዊት ፈረንጆቹን ወደ በሩ ይዛ ስትወጣ እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ ለካሁ። ርዝመቱ አራት ጫማ ከሦስት ኢንች። ወርዱ ሁለት ጫማ ከአንድ ኢንች። ሁለቴ ለካሁ። ያው ነው።

በአራት ጫማ መቃብር የሚተኛ ቀጥቃጭ የለም።

ሌላም አለ። ዘንጎቹ መሬት የሚገቡበት ጫፋቸው ወደ ውጭ ተቆልምሟል፣ እንደ ዶሮ እግር። ከውስጥ የሚወጣን የሚይዝ ሰው እንዲህ አያደርግም። ከውጭ የሚቆፍርን ለመከልከል ነው። እኛ አገር ሕፃን ሲሞት ጅብ እንዳያወጣው መቃብሩ ላይ ድንጋይ ይከመራል፣ እሾህ ይደረባል። ድንጋይ ያጣ ሰው ግን ብረት ቢኖረው...

ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሣሩን በጫማዬ ገለጥኩ። ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ግማሹ ሰምጧል። ከያዝኩት ጠርሙስ ውኃ አፈሰስኩበት፣ ፊደሉ ወጣ። ማትያስ ኮላር። ሰውየው እዚህ ነው ያለው! ሰው ሁሉ ረግጦት ሄዶ ፍርግርጉ ላይ ፎቶ ይነሳል።

ለማርያማዊት በመንገድ ነገርኳት።

“ሶ ፍርግርጉ ስር ማን ነው ያለው?”

አላውቅም፣ አጣራለሁ አልኳት።

“ኦኬ አጣራ። ግን አባ፣ ሰዎቹ የሚመጡት ለቫምፓየር ነው። የልጅ መቃብር ለማየት ማን ይመጣል?”

ተናደድኩ። ከዴንተን እስከ ኧርቪንግ አላናገርኳትም። ሃይዌዩ ደግሞ ተዘግቶ አንድ ሰዓት ከሃያ ፈጀብን። ለመቀየም በጣም ረጅም መንገድ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

የዓመት ፈቃዴን አንድ ቀን ወስጄ የመንደሩ መዝገብ የሚገኝበት ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። እዚያ የምትሠራው ሴትዮ ጓንት ሰጠችኝ። ገጽ ሳዞር አየችኝና፣ ቀጣዩን ሣጥን እኔው እንዳወጣ ፈቀደችልኝ። ሥራ የምታውቅ ሴት ናት።

ተገኘ። የቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ እንደ ፈረንጅ 1889። ሮዛ ኮላር፣ ስድስት ዓመት፣ በንዳድ ሞተች። ከጎኑ የቄሱ እጅ ጽሑፍ አለ። የበረሃ ውሾች መቃብር እየቆፈሩ ስላስቸገሩ አባትየው ብረት ሠርቶ ከደነበት ይላል።

ራሱ ነው የሠራው። አራት ጫማ ከሦስት ኢንች።

ከዚያ የጎረቤት ልጆችም በዚያው ንዳድ ታመሙ። ሁለቱ ሞቱ። እና ማን ላይ ተላከከ? በማግሥቱ ዓመት የወጣ ጋዜጣ “ዓይኑ የሚከብደው ቀጥቃጭ” ይለዋል። ቀን ቀን አይቀርቡትም፣ ፈረሳቸው ጫማ ሲፈልግ ግን በጓሮ ይዘው ይመጡለታል ይላል። አራት ዓመት እንዲህ ኖረና ሞተ። ፍርግርጉን አዩ፣ ለምን እንደተሠራ የሚያስታውስ አልነበረም፣ የቀረውን ከራሳቸው ጨመሩ።

አያቴን መዝገብ ቤት ውስጥ ያገኘኋቸው ያህል... ጓንቱን ሳላወልቅ ውጭ ወጣሁ። ሴትየዋ ተከትላ መጥታ ተቀበለችኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ለማርያማዊት ቅጂውን ሰጠኋት። አነበበች። አሳዘናት፣ አየሁ። ሆኖም የዚህ ቅዳሜ ሰዎች ቀድመው የያዙ ናቸው፣ ጽሑፉን ለሚቀጥለው አስተካክላለሁ አለች። ያውም ወይዘሮ ተዋበች ከዮአብ ጋር ይመጣሉ። የልጃቸው እጮኛ የምትሠራውን ለማየት።

ዘነበወርቅ ማታ፣ “ባስህን ንዳ፣ አፍህን ያዝ፣ ልጅህን ዳር” አለችኝ። ሦስት ትእዛዝ። ሁለቱን ችያለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

መንዳቱን ቻልኩ፤ የቀሩትን ሁለቱን አልቻልኩም።

እንደሆነው ልጻፍ። ወይዘሮ ተዋበች የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ከእኔ ኋላ። ጣቢያው ጋ አማተቡ። ሚስማር የተመታበት ቤት ጋም አማተቡ። ባለ ካባው ልጅ ክራንቻውን ሲያሳያቸው “ጥርስህን ታከም የኔ ልጅ” አሉት በአማርኛ። ባሱ ሞቅ ብሎ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ይኼን አልክድም።

ዊሎ ጋፕ ላይ ይውረዱ ብዬ እጃቸውን ያዝኩ፣ ደግፌያቸው ገባን። ማርያማዊት የድሮውን ታሪክ ጀመረች። እየተጣደፈች፣ እኔን እያየች። ዓይኑ የከበደው ቀጥቃጭ... እንዳይወጣ የቆለፉበት... ይኼን ስትል አንድ ቀይ ጢም ያለው ሰውዬ ፍርግርጉ ላይ ተቀመጠ። ሙሉ ክብደቱን ጥሎ። ሚስቱ ፎቶ ልታነሳው ቫምፓየር ይገድላል የሚባለውን የእንጨት ችካል አስያዘችው።

“ተነስ” አልኩት። ሳቀ። የቲያትሩ ክፍል መሰለው።

“ሮዛ ትባላለች። ስድስት ዓመቷ ነው። ተነስላት።”

ተነሳ። ከዚያ ሁሉን ነገርኳቸው። ሜትሩን አውጥቼ ፊታቸው ለካሁ። የዘንጎቹን ጫፍ አሳየኋቸው። አባቷ ከቤቱ ይህን ተሸክሞ የመጣበትን ቀን እንዲያስቡት ጠየቅኳቸው። በእንግሊዝኛ ነው፣ ሰዋስዉ ሳይሳሳት አልቀረም። ባለ ጢሙ ኮፍያውን አወለቀ። ማርያማዊት ግን ፊቷ ነዷል። በሥራዋ ላይ፣ በደንበኞቿ ፊት ነው የሆነው፣ እውነቷን ነው።

“አባ፣ አንተን እንዲህ የሚያደርግህ ምንድን ነው? እነዚህ ሰዎች ምንህ ናቸው?”

በአማርኛ ነው የጠየቀችኝ። በአማርኛ መለስኩ። እሷን ሳይሆን ወይዘሮ ተዋበችን እያየሁ።

“ያን እሑድ ምሳ ላይ ገበሬ ነበሩ ያልኩዎት ውሸት ነው። አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። እንደዚህ ሰውዬ። እንደዚሁ ተብለዋል፤ እኛም እንደዚሁ ተብለናል።”

አንዷ ፈረንጅ ዮአብን ምን አለ ብላ ጠየቀችው። “ፋሚሊ ሂስትሪ” አላት። ጎበዝ ልጅ።

ወይዘሮ ተዋበች እጄን ሳይይዙ ወደ ባሱ ተመለሱ። ነዳጅ ልሞላ ስንቆም ወርደው ካርቶን ወተት ገዙ። መስታወቱ ውስጥ አየኋቸው... ወደ ጣሪያው ማዞር ረስቼው። ነጠላውን በካርቶኑም በራሳቸውም ላይ ጣሉት፣ ተሸፋፍነው ጠጡ። ዛሬ ለማንም እንደሚያደርጉት አልነበረም።

መስታወቱን አዞርኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ስልክ የለም። ዘነበወርቅ ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸችም። ቢላዋዎቹን በሙሉ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችልኝ። ሳልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ማርያማዊት መጣች። በር ላይ ቆማ ማልቀስ ጀመረች። ሠርጉን አበላሸህብኝ ትለኛለች ብዬ ተዘጋጀሁ፤ መልስ ሁሉ ነበረኝ፣ በቅደም ተከተል። ያለችው ግን ሌላ ነው።

“ምሳህን መኪና ውስጥ የምትበላው ለዚህ ነው? ትንሽ ሆኜ አይስክሬም ስትገዛልኝ ወደዚያ የምትዞረውስ? እኔ እኮ... የማታይኝ ስለማትወደኝ ይመስለኝ ነበር።”

ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ልጄ ስትበላ አላየኋትም። አንገት መድፋት ለእሷ ምን እንደሚመስል አንድ ቀን አላሰብኩም። ስንት ነገር እለካለሁ...

ፍሪጅ ውስጥ ምን አለ አለች። ትናንት የተረፈ ፓስታ ነበር። ቁጭ ብላ በላች። ቁጭ ብዬ አየኋት። እንዲያው ከነቅዝቃዜው፣ አላሞቀችውም። ስትበላ ግራ ጉንጯ ላይ ስርጉድ ይላል። የእናቴ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

የወቅቱ የመጨረሻ ጉዞ። ማርያማዊት ሦስተኛውን ማረፊያ በሙሉ ቀይራዋለች። ታሪኩን እንደ ድሮው ትጀምርና መሐሉ ላይ ሜትር አውጥታ ለአንዱ መንገደኛ ትሰጣለች። “ይለኩት” ትላለች። ለክተው ቁጥሩን ጮክ ብለው ያነባሉ... እሷ አትናገርም፣ ትጠብቃለች። ቀስ እያለ ሁሉም ይገባዋል። ከእኔ ይሻላል፣ በጣም ይሻላል። ጽሑፉን አረምኩላት፤ ሁለት ስሕተት ብቻ።

ኢንተርኔት ላይ ስለኛ የተጻፈ አነበበችልኝ። “አስጎብኚዋ ድንቅ ናት። ሹፌሩ ቁጡ ነው። ሹፌሩ እንዳያመልጣችሁ።” ኮከብ አምስት። ባለ ጢሙ ሰውዬ ነው የጻፈው።

ዮአብ ብቻውን መጥቶ ነበር። እናቱ ሳምንቱን ሙሉ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተናገሩም። እሱ ግድ የለውም፣ ከፈለግን ማዘጋጃ ቤት ሄደው ይፈራረማሉ። ከእናትህ ጀርባ ልጄን አልሰጥህም አልኩት። ሽማግሌ ይዘው ራሳቸው ይምጡ፣ አለዚያም አልመጣም ብለው ራሳቸው ይንገሩኝ። በር በር እያዩ መኖር አውቀዋለሁ፣ ለማርያማዊት አልመኘውም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ዛሬ ምሳ ክፍል ገባሁ። አለቃዬ ፊት ለፊቴ ሳንድዊች ሲበላ አየሁት። ምንም አልሆነም። ሲያላምጥ ግን አፉን አይዘጋም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ወይዘሮ ተዋበች ደወሉ። ለዘነበወርቅ። እሑድ እንመጣለን አሉ። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም። ሊጠይቁ ነው? ሊሰናበቱ? ዘነበወርቅ ድምፃቸው እንዴት ነበር ብላት፣ “እንደ ድምፅ” አለችኝ። እግዜር ያሳያችሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ሁለት ሽማግሌ ይዘው መጡ። ዮአብ መኪና ውስጥ እንዲጠብቅ ተደረገ። ወደ ኋላ ፓርክ አድርጓል፣ ጠማማ። ማርያማዊት ከኮሪደሩ በር ኋላ ቆማለች፣ ጫማዋ ይታያል።

ሽማግሌዎቹ ቆመው ሊጀምሩ ሲሉ ወይዘሮ ተዋበች ቆይ ብለው በእጃቸው አስቆሟቸው። እንዲቀመጡም ነገሯቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

ልጅ ሆነው እናታቸው ቀጥቃጭ ቤት ማጭድ ለማምጣት ይልኳቸው እንደነበር ነገሩኝ። ሰባት ዓመታቸው ነው። ሳንቲሙን መሬት ላይ አስቀምጪለት እንጂ በእጁ እንዳትሰጪው ይባላሉ። ያስቀምጣሉ። ሰውየው ጎንበስ ብለው ያነሳሉ።

“ሽማግሌ ነበሩ። ሲያጎነብሱ ወገባቸውን ይይዙ ነበር” አሉ። “ሃምሳ ስምንት ዓመት ሆነው፤ ረስቼው ነበር። ያን ቀን ያቺን የልጅ መቃብር ለመለካት ስታጎነብስ አንተም ወገብህን ያዝክ።”

አያቴ አይደሉም። አገሩም ሌላ ነው። ግን ማን ያውቃል ስንቱ ወገቡን እንደያዘ።

ከዚያ ወተት ጠየቁ። ዘነበወርቅ እስከ አፉ የሞላ ብርጭቆ አመጣች። ወይዘሮ ተዋበች ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወለቁ። አጣጥፈው ሶፋው ክንድ ላይ አስቀመጡት። እኔ ከልማዴ ወደ መስኮቱ ልዞር አንገቴ ጀምሮ ነበር።

“ዞር እንዳትል” አሉኝ። “እየኝ።”

አየኋቸው። ፊት ለፊት፣ ዓይን ለዓይን፣ ቀስ ብለው ጠጡ። ግማሹን። አረፉ። ደግሞ ጠጡ። ሽማግሌዎቹ ምን እየሆነ እንደሆነ ገብቷቸው ነበር፣ አንደኛው ጉሮሮውን ጠረገ። ብርጭቆውን ሲያስቀምጡ ከላይ ከንፈራቸው ላይ ነጭ መስመር ቀርቷል።

“ነገ ጨጓራዬን ካመመኝ እንግዲህ ላንተ ነው የምደውልልህ” አሉ።

“ወተቱ ሁለት በመቶ ስብ ነው” አልኩ። “ከእኔ በፊት እሱን ይጠርጥሩ።”

ከኮሪደሩ ሳቅ ሰማሁ። ጫማዋ ተንቀሳቀሰ።

ሽማግሌዎቹ ተነስተው በወጉ ጀመሩ። ትልቁ ሰውዬ ዘራችሁ ከወዴት ነው ወደሚለው ሊገቡ ሲሉ ወይዘሮ ተዋበች፣ “እሱን ጨርሰናል፣ ቀጥሉ” አሏቸው።

ንግግሩ ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ስሜን ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ፣ የዮአብን ዕድሜ በሁለት ዓመት ቀነሱ፣ አንድ ጥቅስ ከወንጌል ነው ብለው ከመዝሙር ጠቀሱ።

አላረምኳቸውም።